ጥፋቱ የፍላሹ አልነበረም፦ ዊንዶውስ አልጫን ያለው አዲስ ኮምፒውተር

አንዲት የሥራ ባልደረባዬ ዕቃዎቹን አንድ በአንድ መርጣ ራሷ የገጣጠመችው አዲስ ኮምፒውተር ዊንዶውስ 11 አልጫን አለ። ይበራል። ባዮስ ውስጥ (ከዊንዶውስ በፊት የሚነሳው የቦርዱ የራሱ ፕሮግራም) ይገባል። ፕሮሰሰሩንም፣ ራሙንም፣ ዲስኩንም በትክክል ያነባል። መጫን ሲጀምር ግን ያብዳል። አንዴ 20 ከመቶ ላይ ይወድቃል፣ አንዴ 70 ከመቶ ላይ፣ አንዳንዴ ደግሞ ገና ቋንቋ ምረጡ ከማለቱ በፊት ሰማያዊው ስክሪን ከች ይላል። እኔ ጋ ስትደውል ፍላሹን ቀይራለች፣ ፋይሉን እንደ አዲስ አውርዳለች፣ ዲስኩንም ደጋግማ ፎርማት አድርጋለች።

ነገሩን ከነሙሉ ሂደቱ የምጽፈው የተገኘው ምክንያት ብርቅ ስለሆነ አይደለም። ሁለት ችግሮች ተደራርበው ስለነበር ነው። አንደኛውን ስናስተካክል ኮምፒውተሩ «ተሻለው»። አልዳነም ግን። ብዙ ሰው ሥራውን የሚያቆመው ደግሞ እዚህ ነጥብ ላይ ነው፣ ከዚያ በኋላ የሚመጣውን ሁሉ በድራይቨር ወይም በቫይረስ እያሳበበ ለወራት ይኖራል።

መጀመሪያ ዕቃዎቹ። ፕሮሰሰሩ የኢንቴል ኮር አይ5-12400 ነው፣ እ.ኤ.አ. በ2022 መጀመሪያ የወጣ፣ ባለ 6 ኮር። ራሙ ሁለት ባለ 8 ጊጋባይት ዲዲአር4፣ ሳጥኑ ላይ 3600 የሚል ፍጥነት የተጻፈበት። ዲስኩ ባለ 1 ቴራባይት ኤንቪኤምኢ ኤስኤስዲ። ለብቻው የሚገጠም ግራፊክስ ካርድ የለውም፣ ፕሮሰሰሩ የራሱ ግራፊክስ ስላለው እሱን ነው የምትጠቀመው። ይሄ ለምርመራው ትልቅ እፎይታ ነበር፣ ምክንያቱም ከተጠርጣሪዎች መካከል አንዱ ገና ሳንጀምር ወጣልን።

ስህተቱ የሚለውና የማይለው

እያንዳንዱን ስህተት በስልኳ ፎቶ አንስታ ነበር። በጣም ጥሩ አድርጋለች። ሰማያዊው ስክሪን በሰከንዶች ውስጥ ሪስታርት ስለሚያደርግ «አንድ ነገር ጻፈና ጠፋ» ከማለት ፎቶው ይሻላል። ፎቶዎቹን ጎን ለጎን አስቀምጠን አየናቸው። አንዱ «ሚሞሪ ማኔጅመንት» ይላል። ሌላው «ፔጅ ፎልት»። ሌላው «አይአርኪውኤል» ብሎ የሚጀምረው ረጅሙ። አራተኛው ሰማያዊ ስክሪን አይደለም፣ የመጫኛው የራሱ መልእክት ነው፦ አስፈላጊ ፋይሎችን መጫን አልተቻለም፣ ፋይሉ የተበላሸ ወይም የጠፋ ሊሆን ይችላል፣ የስህተት ቁጥር 80070570።

ሁሉንም የሚያሳስተው ይሄ የመጨረሻው ነው። ፋይሉ ተበላሽቷል ሲልህ እጅህ መጀመሪያ የሚሄደው ወደ ፍላሹ ነው። የእሷም እንደዚያው።

መጫኛው በትክክል ምን እንደሚሠራ ካየን ግን ነገሩ ይገለጣል። ፍላሹ ላይ ያለው ዊንዶውስ አንድ ትልቅ የታመቀ ፋይል ነው። ከፍላሹ ይነበባል፣ ራም ላይ ይወጣል፣ ፕሮሰሰሩ እመቃውን ይፈታዋል፣ ከዚያ ወደ ዲስኩ ይጻፋል። በውስጡ ላለው ለእያንዳንዱ ፋይል ይዘት የሻ-1 አሻራ፣ ማለትም ከይዘቱ የሚሰላ ማረጋገጫ ቁጥር፣ ተቀምጦለታል። የወጣው ነገር ከአሻራው ጋር ካልተመሳሰለ መጫኛው «ተበላሽቷል» ብሎ ይቆማል። የት እንደተበላሸ ግን አያውቅም። ደብዳቤው ተቀድዶ የደረሰው ሰው ላኪው ይቅደደው፣ መንገድ ላይ ይቀደድ እንደማያውቀው ማለት ነው። ፍላሹ ሊሆን ይችላል። ራሙ ሊሆን ይችላል። እመቃውን የፈታው ፕሮሰሰር ራሱ ሊሆን ይችላል።

የታመቀ ፋይል ደግሞ ይቅርታ አያውቅም። ያልታመቀ ፎቶ ውስጥ አንድ ቢት ቢገለበጥ አንድ ነጥብ ቀለሙን ይቀይርና ማንም ሳያየው ያልፋል። የታመቀ ፋይል ውስጥ አንድ ቢት ከተገለበጠ ግን ብዙ ጊዜ ከእሱ በኋላ ያለው የዚያ ክፍል ይዘት ሁሉ ትርጉም ያጣል። ለዚህ ነው ሃርድዌሩ የታመመ አዲስ ኮምፒውተር ባዮስ ውስጥ ቀኑን ሙሉ ሳይነካው ቆይቶ ልክ መጫን ሲጀምር የሚወድቀው። ባዮስ ከራሙ የሚነካው ትንሽ ነው። መጫኛው ግን ጊጋባይቶችን ያመላልሳል። አዲስ ኮምፒውተር ከባዱን ፈተና መጀመሪያ የሚወስደው ያን ቀን ነው።

ስለዚህ እኔ መጀመሪያ የማየው ስህተቱ ምን እንደሚል ሳይሆን ይደጋገም እንደሆነ ነው። ሁልጊዜ እዚያው ቦታ ላይ፣ እዚያው ቁጥር ላይ ከወደቀ ፍላሹን፣ ፋይሉን፣ ዲስኩን ወይም አንድ የተወሰነ ድራይቨር እጠረጥራለሁ። በየጊዜው የተለያየ ቦታ ላይ፣ በተለያየ መልእክት ከወደቀ ራም፣ ፕሮሰሰር፣ ወይም ሁለቱን የሚያገናኘው መንገድ ነው። ያለ ምንም መልእክት ድርግም ብሎ ከጠፋ ወይም ሪስታርት ካደረገ ደግሞ ፓወር ሳፕላዩና ሙቀቱ ይቅደሙ። ይሄ ሕግ አይደለም፣ ግን የት እንደምትጀምር ይነግርሃል። የእሷ ፎቶዎች በግልጽ የሁለተኛው ዓይነት ነበሩ።

(ሌላም ዓይነት አለ፣ ይሄ ኮምፒውተር ዊንዶውስ 11ን ማስኬድ አይችልም ብሎ በጨዋነት የሚመልስህ። እሱ ብልሽት አይደለም፣ ብዙውን ጊዜ ቲፒኤም 2.0 የሚባለው የደህንነት ክፍል ባዮስ ላይ ስላልበራ ነው። ዲስኩ ጭራሽ ካልታየም አብዛኛውን ጊዜ የሚጎድለው የኢንቴል የዲስክ ድራይቨር ነው። እነዚህን ከብልሽት ጋር አትደባልቋቸው።)

ፍላሹን ነጻ ማውጣት

እሷ አሁንም ልቧ ፍላሹ ላይ ነበር። መከራከር አያስፈልግም፣ ማረጋገጥ ቀላል ነው። ያወረደችውን ፋይል የሻ-256 አሻራ አውጥተን ማይክሮሶፍት ካወጣው ጋር አስተያየነው፣ አንድ ነው። ያንኑ ፍላሽ አሮጌ ላፕቶፕ ላይ ሰክተን ሥራ ላይ ያልነበረ ዲስክ ላይ ጫንበት። ያለ አንድ ቅሬታ ተጫነ። ፍላሹ ወጣ።

እዚህ ጋ አንድ ነገር ልብ በሉ። ፍላሹን ያዘጋጀችው በላፕቶፑ ነው። በራሱ በታመመው ኮምፒውተር ላይ ብታዘጋጀው ኖሮ ፍላሹም ተጠርጣሪ ይሆን ነበር፣ የታመመ ራም ላይ ያለፈ ማንኛውም ፋይል አይታመንምና።

ቀጥሎ ያለው ሐሳብ የእሷ ነው፣ በጣምም ወደድኩት። «ኡቡንቱ ብንሞክርስ? እሱም ከወደቀ የዊንዶውስ ጉዳይ አይደለም ማለት ነው» አለች። ሞከርነው። ኡቡንቱ ሲነሳ ፍላሹን ራሱ ይፈትሻል፣ የተበላሹ ፋይሎች አሉ አለ። ሪስታርት አድርገን ደገምነው፣ ተበላሹ ያላቸው ፋይሎች ቁጥር ሌላ ሆነ። ሦስተኛ ነገር አያስፈልግም ነበር። ያው ፍላሽ፣ ያው ፋይል፣ የተለያየ መልስ። የተበላሸ ፋይል በየደቂቃው ሐሳቡን አይቀይርም። ወደ ፊት ገፍተን ለመጫን ስንሞክርም ስኳሽኤፍኤስ የሚባለው የታመቀው ክፍል መፈታት አልቻለም እያለ ስክሪኑን በስህተት ሞላው። ከዊንዶውስ ጋር ምንም የማይገናኝ ሲስተም፣ ግን ያው በሽታ።

ፓወርና ሙቀት ላይ ብዙ አልቆየንም። ገመዶቹን ነቅለን መልሰን ሰካን፣ ባለ 24 ፒኑንም፣ ከላይ በኩል ለፕሮሰሰሩ የሚገባውንም። ባዮስ ውስጥ የፕሮሰሰሩ ሙቀት 40ዎቹ ውስጥ ነው፣ ደህና ነው። በዚያ ላይ አንድም ጊዜ ድርግም ብሎ አልጠፋም።

«ተሻለው»

ወደ ባዮስ ስንገባ መጀመሪያ ያየሁት ኤክስኤምፒ የሚባለው የራም ማፍጠኛ ቅንብር መብራቱን ነው። ገና ኮምፒውተሩን ያበራች ዕለት ነው ያበራችው፣ ማብራት አለብሽ ተብላ። ምክሩ በአጠቃላይ ስህተት አይደለም፣ ጊዜው ነው ስህተቱ።

ሳጥኑ ላይ 3600 ብሎ የተጻፈው ራም ሲሰካ በ3600 አይነሳም። የሚነሳው የራም ደረጃዎችን የሚያወጣው ድርጅት ጄዴክ ባወጣው መደበኛ ፍጥነት ነው፣ ለዲዲአር4 ብዙ ጊዜ 2133 ወይም 2400 ወይም 2666፣ በ1.2 ቮልት። ኤክስኤምፒ ኢንቴል በዲዲአር3 ዘመን ያመጣው ዝግጁ ቅንብር ነው። ስታበራው ራሙ ወደተጻፈበት ፍጥነት ይወጣል፣ ቮልቴጁም ወደ 1.35 ከፍ ይላል። በሌላ አነጋገር ኦቨርክሎክ ነው፣ ከመደበኛው ፍጥነት በላይ ማስኬድ። የራም አምራቹ ራሙ 3600 እንደሚችል ይነግርሃል። ፕሮሰሰርህ እንደሚችል ግን አይነግርህም።

አይ5-12400 ላይ ደግሞ የራሱ ነገር አለ። ኢንቴል ለዚህ ፕሮሰሰር በዲዲአር4 የሚያውቀው እስከ 3200 ድረስ ነው። ከዚያ በላይ ለመውጣት ብዙ ጊዜ የሚረዳው ለሚሞሪ መቆጣጠሪያው የሚሄደውን ቮልቴጅ ከፍ ማድረግ ነው፣ በ12ኛው ትውልድ ግን ስማቸው መጨረሻ ላይ «ኬ» የሌላቸው ፕሮሰሰሮች ላይ ይሄ ቮልቴጅ ተቆልፏል። ስለዚህ 3600 በዕድል ነው። አንዱ ፕሮሰሰር ይሸከመዋል፣ ሌላው አይሸከመውም፣ ዋስትና የለም።

ኤክስኤምፒውን አጠፋን። ሌላ ምንም አልነካንም።

ዊንዶውስ ተጫነ። እስከ ዴስክቶፑ ድረስ። እሷ ደስ አላት፣ ድራይቨሮች መጫን ጀመረች፣ ብሮውዘር ከፈተች። ብዙም ሳይቆይ የብሮውዘሩ ገጾች አንድ በአንድ መውደቅ ጀመሩ። አንድ ፕሮግራም ስታወርድ ፋይሉ ተበላሽቷል አለ። ከዚያ ሰማያዊው ስክሪን ተመለሰ።

«አሁን እንኳ የድራይቨር ነው» አለች። «በፊት እኮ ጭራሽ አይጫንም ነበር፤ አሁን ተጭኗል።»

አባባሏ ይገባኛል። ትልቅ ለውጥ ነው ያየነው። ግን ለውጡ ምንድን ነው? በሽታው ያው ነው፣ የታመቀ ነገር ሲፈታ ይበላሻል፣ መልእክቱ በየጊዜው ይለያያል። የቀነሰው ብዛቱ ብቻ ነው። ድራይቨር ቢሆን ኖሮ ሰማያዊው ስክሪን አብዛኛውን ጊዜ አንድ የድራይቨር ስም እየደጋገመ ይጠራል። ፍጥነት ሲቀንስ የሚሻለው በሽታ የኤሌክትሪክ በሽታ ነው። ምልክቱ ቀስ ሲል ሰፋ ያለ ጊዜ ያገኛል፣ ደካማው መገናኛም ቶሎ አይሳሳትም። ይቀንሳል እንጂ አይጠፋም።

እሷ እዚህ ላይ ባዮሱን እናሻሽለው አለች። በፍጹም አልኳት። ባዮስ ማሻሻል ጥሩ ነገር ነው፣ ብዙ ጊዜም የራም ችግሮችን ይፈታል። ግን አዲሱ ባዮስ ወደ ቺፑ ከመጻፉ በፊት የሚያልፈው በዚያው በታመመው ራም በኩል ነው። አሁን የተበላሸ ዊንዶውስ ነው ያለን፣ ያን ጊዜ የተበላሸ ማዘርቦርድ ይኖረናል። ያለ ራምና ያለ ፕሮሰሰር በአንድ ቁልፍ ባዮስ የሚቀይሩ ቦርዶች አሉ፣ የእሷ ከእነሱ አይደለም።

ሜምቴስት

ከዚህ በኋላ መገመት ትተን መለካት ጀመርን። ሜምቴስት86ፕላስ የሚባለው የራም መፈተሻ ፕሮግራም ነጻ ነው፣ ከፍላሽ ይነሳል፣ ምንም ኦፕሬቲንግ ሲስተም አይፈልግም። ያልተፈረመ ፕሮግራም እንዳይነሳ የሚከለክለው ሴኪውር ቡት አላስነሳም ሊል ስለሚችል ለጊዜው አጠፋነው። ኤክስኤምፒ እንደጠፋ፣ ሁለቱም ራሞች እንደተሰኩ ለቀቅነው።

ለተወሰነ ጊዜ ንጹሕ ነበር። ከዚያ ቀይ መስመሮች መውጣት ጀመሩ።

ሰው ሁልጊዜ የሚጠይቀው «ስንት ስህተት ነው የሚፈቀደው?» ነው። ዜሮ። አንድም አይፈቀድም። ራም «ትንሽ» አይሳሳትም። በአንድ ዙር አንድ ስህተት ማለት ዲስክህ ላይ ከሚጻፉት ፋይሎች አንዱ ሳታውቀው ተበላሽቶ ሊቀመጥ ይችላል ማለት ነው። በተቃራኒው ግን አንድ ዙር ንጹሕ መውጣቱ ራሙ ጤነኛ ነው ማለት አይደለም፣ የእሷም ለረጅም ሰዓት ንጹሕ ሆኖ ነው የወደቀው። ሌሊቱን ሙሉ ማደር አለበት።

ስህተቱ የወጣበት አድራሻ ላይ አፍጥጣችሁ የትኛው ራም እንደሆነ ለማወቅ አትልፉ። ሁለት ራም በሁለት ቻናል ሲሠሩ አድራሻው በመካከላቸው እየተቀያየረ ስለሚከፋፈል ተከታታይ የሚመስለው ቦታ ግማሹ አንዱ ላይ፣ ግማሹ ሌላው ላይ ነው። መልሱ ያለው ነቅሎ በመፈተሽ ነው።

ቦርዱ አራት የራም ስሎት (መሰኪያ) አለው። ሁለት ራም ያለው ሰው የሚሰካው ከፕሮሰሰሩ ተነስቶ ሲቆጠር ሁለተኛውና አራተኛው ላይ ነው፣ ኤ2 እና ቢ2 የሚባሉት። እሷ በትክክል ሰክታዋለች። ለራሞቹ በእርሳስ አንድ እና ሁለት ብለን ጻፍንባቸውና አንድ በአንድ ጀመርን።

ራም አንድ ለብቻው ኤ2 ላይ፦ አደረ፣ ንጹሕ። እሷ ወዲያው «እንግዲያው ሁለተኛው ነው የታመመው፤ ሻጩ እቀይርልሻለሁ ብሏል፣ ነገ ልውሰደው» አለች።

ምናልባት። ግን ገና አላወቅንም። ራም ሁለትን በዚያው ኤ2 ላይ ሰካን። እሱም ንጹሕ።

ይሄ ውጤት ነው ሰውን ግራ የሚያጋባው። ሁለቱም ለየብቻ ጤነኞች፣ አብረው ግን ይታመማሉ። ብዙዎች እዚህ ላይ «ራሞቹ አልተስማሙም» ይላሉ። በአንድ ሳጥን ለተሸጡ፣ አንድ ዓይነት ለሆኑ ራሞች፣ ያውም በመደበኛው ፍጥነት፣ አለመስማማት የመጨረሻው ጥርጣሬ ነው መሆን ያለበት። ያልተሞከረው ሌላ ነገር ነበር። ኤ2 ሁለቴ ተፈተነ፣ ቢ2 አንዴም ለብቻው አልተፈተነም።

ራም ሁለት ቢ2 ላይ፦ ስህተት። ራም አንድ፣ ያ ምስክር ወረቀት ያለው ራም፣ ቢ2 ላይ፦ ስህተት።

ራሞቹ ነጻ ወጡ። በሽታው ከራሙ ጋር አይሄድም፣ ከስሎቱ ጋር ነው የሚቀረው። ራሙን ቀይራ ብትመጣ ኖሮ አዲሶቹም ያንኑ ያደርጉ ነበር፣ እሷም «ይሄ ራም የሚባል ነገር ሁሉ ዘንድሮ ብልሽት ነው» ብላ ትደመድም ነበር።

ከስሎቱ እስከ ፕሮሰሰሩ

ቢ2 ታመመ ማለት ግን ስሎቱ ራሱ ተበላሸ ማለት አይደለም። ከስሎቱ እስከ ፕሮሰሰሩ መንገድ አለ። ስሎቱ ውስጥ አቧራ ሊኖር ይችላል። ቦርዱ ውስጥ የሚሄደው መስመር ሊጎዳ ይችላል። ፕሮሰሰሩ የሚቀመጥበት ሶኬት ውስጥ አንድ ፒን ሊጣመም ይችላል። የሚሞሪ መቆጣጠሪያው ደግሞ ያለው ፕሮሰሰሩ ውስጥ ስለሆነ ፕሮሰሰሩም ከተጠርጣሪዎች መካከል ነው። (በ13ኛውና በ14ኛው ትውልድ የኢንቴል ዴስክቶፕ ፕሮሰሰሮች ላይ የደረሰውን የሰማችሁ ይኖራችኋል፤ ኢንቴል እ.ኤ.አ. በ2024 ችግሩን አምኖ ማስተካከያ አውጥቷል፣ ዋስትናውንም በሁለት ዓመት አራዝሟል። የዚያ ችግር ምልክትም የታመቀ ነገር ሲፈታ መውደቅ ነው። ይሄ 12ኛው ትውልድ ስለሆነ አይመለከተውም።)

ከነዚህ ሁሉ በነጻ ሊታይ የሚችለውን አስቀደምን። ስሎቱን በአየር ነፋነው፣ ራሙን መልሰን ሰካን። ለውጥ የለም። ስለዚህ ፕሮሰሰሩን የሚያቀዘቅዘውን ኩለር መፍታት ግድ ሆነ።

ኩለሩ ከፕሮሰሰሩ ጋር የመጣው ሳይሆን ለብቻው የተገዛ፣ ቁመት ያለው፣ በአራት ብሎን ከቦርዱ ጀርባ ካለው ብረት ጋር የሚያያዝ ነው። ካቻቪቴውን አንደኛው ብሎን ላይ ሳሳርፍ ንቅንቅ አልል አለ። በሰያፍ ተቃራኒው ያለው ግን በጣት ሊፈታ ጥቂት ነው የቀረው። አንዱ ጥግ ተቀርቅሯል፣ ተቃራኒው ላልቷል። ስትገጥመው አንዱን ብሎን እስከ መጨረሻ አጥብቃ ነው ወደሚቀጥለው የሄደችው። የመመሪያው ወረቀት ላይ ይሄ በአንድ ትንሽ ሥዕል ብቻ ነው የሚታየው፣ ቀስቶቹን ካላስተዋልክ አታየውም።

ይሄ ራሙን ለምን ይነካል? በዚህ ሶኬት ላይ ፒኖቹ ያሉት ፕሮሰሰሩ ላይ ሳይሆን ቦርዱ ላይ ነው፣ 1700 ናቸው፣ እያንዳንዳቸው እንደ ትንሽ ስፕሪንግ ሆነው የፕሮሰሰሩን ሆድ ይገፋሉ። መገናኘታቸው የተመሠረተው ጭነቱ እኩል በመሆኑ ላይ ነው። አንድ ጥግ ከመጠን በላይ ሲጫን ቦርዱ በጣም በትንሹ ይጣመማል፣ ሌላው ጎን ላይ ያሉት ፒኖች ግፊታቸው ይቀንሳል። ሙሉ በሙሉ ቢለያዩ ኖሮ ራሙ ጭራሽ አይታይም ነበር። እዚህ ግን እየነኩ ነው፣ ግን በደንብ አይደለም። ዝግ ያለ ነገር ያልፋል፣ ፈጣኑ ይሳሳታል። የራም መስመሮች ደግሞ ቦርዱ ላይ ካሉት በጣም ፈጣኖቹ ውስጥ ናቸው።

ኩለሩን ካወጣን በኋላ ፕሮሰሰሩንም አነሳነው። የስልክ መብራት በጎን በኩል እያበራን ሶኬቱን ፎቶ አነሳን፣ ፎቶውን አጉልተን አየን። ፒኖች ሲጣመሙ ብርሃኑ ላይ ረድፉ ይሰበራል፣ በዓይን ብቻ ከመፈለግ በጣም ይቀላል። ሁሉም በረድፉ ነው። ጣት፣ ጨርቅ፣ ጥጥ ወደ ሶኬቱ እንዳይጠጋ። ቴርማል ፔስቱን በአልኮል ጠርገን፣ ፕሮሰሰሩን መልሰን፣ አዲስ ፔስት ቀብተን ኩለሩን ገጠምነው። ብሎኖቹን በሰያፍ፣ እያንዳንዳቸውን ትንሽ ትንሽ፣ ሁሉም በአንድ ላይ እስኪጠብቁ ድረስ።

ቢ2 ላይ ራም ሁለትን ለብቻው ሰክተን አሳደርነው። ንጹሕ። ሁለቱንም ሰካን፣ አደረ፣ ንጹሕ።

እኔ በዚህ እረካ ነበር። እሷ ግን «ፕሮሰሰሩን አንስተን መመለሳችን ይሁን ብሎኑ በምን እናውቃለን?» አለች። ልክ ናት። ስለዚህ አንዱን ብሎን ብቻ እንደ በፊቱ ቀረቀርናት፣ ተቃራኒውን አላላናት። ሜምቴስቱ ቀይ ሆነ። እኩል መለስናቸው፣ ጠፋ። እንዲህ ዓይነት ማረጋገጫ ቤት ውስጥ ብዙ ጊዜ አይገኝም።

እዚህ ባይፈታ ኖሮ የሚቀሩት ቦርዱና ፕሮሰሰሩ ነበሩ፣ እነሱን ደግሞ ያለ ሌላ ቦርድ ወይም ሌላ ፕሮሰሰር መለየት አይቻልም። ያን ጊዜ የስሎቱን ውጤት ጽፎ ለሻጩ መስጠት ነው። «ሁለቱም ራሞች ኤ2 ላይ ያልፋሉ፣ ሁለቱም ቢ2 ላይ ይወድቃሉ» የሚል ሰው «ኮምፒውተሬ እምቢ አለ» ከሚል ሰው የተለየ አቀባበል ነው የሚያገኘው።

የቀረው ግማሽ

አሁን ወደ ኤክስኤምፒ ተመለስን። ብሎኑ ሁሉንም ነገር ያብራራ ነበር ብሎ ማሰብ ያጓጓል። አብርተነው ሜምቴስት ለቀቅን። 3600 ላይ ወደቀ። ይሄኛው ከብሎኑ ጋር አይገናኝም፣ ፕሮሰሰሩ ያን ፍጥነት አይሸከምም ማለት ነው። ለዚህ ነው መጀመሪያ ላይ ኤክስኤምፒ ሲጠፋ ያን ያህል የተሻለው። ሁለቱም ችግሮች በአንድ በር ነበር የሚወጡት፣ አንዱ ሌላውን ሸፍኖት።

ኤክስኤምፒው እንደበራ፣ 1.35 ቮልቱን ሳንነካ፣ ፍጥነቱን ብቻ በእጃችን 3200 አደረግነው። ሌሊቱን አደረ፣ ንጹሕ። ከ3600 ጋር ያለውን ልዩነት በዕለት ተዕለት ሥራ ላይ ማንም አይለየውም። እሷ ትንሽ ቅር ብሏት ነበር፣ የከፈለችው ለ3600 ነውና።

የተጫነውን ዊንዶውስ አላስቀረነውም። አሁን ይነሳል፣ ይሠራልም፣ ግን የተጻፈው በታመመ ራም በኩል ነው። የትኛው ፋይል ውስጥ የተገለበጠ ቢት እንደተቀመጠ ማንም አያውቅም። የሲስተም ፋይሎቹን የሚጠግን ትእዛዝ አለ፣ ግን እሱ የራሱን የዊንዶውስ ፋይሎች ነው የሚያየው፣ በኋላ የተጫኑትን ፕሮግራሞችና ድራይቨሮች አይደለም። መጫኛው ላይ ዲስኩ ውስጥ ያሉትን ክፍልፋዮች ሁሉ ሰረዝናቸው፣ ባዶው ዲስክ ላይ እንደ አዲስ ጫንን። ይሄን ስታደርጉ ሌላ ዲስክ ተሰክቶ ከሆነ ንቀሉት፣ የተሳሳተውን የሰረዘ ሰው ብዙ ነው።

ያለ ምንም ችግር አለቀ። ከዚያ ለጥቂት ጊዜ ዊንዶውስ ስህተቶችን የሚመዘግብበትን የኢቨንት ቪውወር ሲስተም መዝገብ እየከፈተች «ዌአ» (WHEA) የሚለውን እንድትፈልግ ነገርኳት። ሃርድዌሩ ራሱ የሚያሳውቃቸው ስህተቶች፣ ሰማያዊ ስክሪን ሳይመጣም እንኳ፣ እዚያ ነው የሚጻፉት። ባዶ ነው።

ባዮሱን ያሻሻልነው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ማሻሻሉ ሁሉንም ቅንብር ወደ መጀመሪያው ስለመለሰው ኤክስኤምፒውንና 3200ን እንደገና በእጃችን አስገባን፣ ሜምቴስቱንም አንድ ሌሊት ጨመርንበት፣ ከዚያ ሴኪውር ቡትንም መልሰን አበራን።